የኢናጉ ሁለት መቶ ቀንድ አውጣዎች

ሚኖሪ አሳቶ ቀኑን የመረጠችው በኮምፒውተር ነው። የባሕሩን የሽሽት ሰንጠረዥ ከፈተች፤ በዓመቱ ውስጥ ውሃው ከሁሉም ቀን አብልጦ የሚሸሽበትን ቀን ፈለገች፤ አገኘችና በቀይ ከበበችው። በዚያ ቀን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የኢናጉ ደሴት የኮራል ሜዳ እንደ ስጥ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ሰው እስከ ጫፉ ድረስ ቁርጭምጭሚቱ ሳይርስ ይሄዳል።

«ከዚህ የተሻለ ቀን የለም» ብላ ለፕሮፌሰር ሂራሳዋ አስረዳች።

እውነቷን ነበር። ችግሩ የኢናጉ ሴቶችም ይህንኑ ቀን ያለ ኮምፒውተር ከደረሱበት ብዙ ዘመን መሆኑ ነው። በአሮጌው የጨረቃ አቆጣጠር የሦስተኛው ወር ሦስተኛ ቀን ሴቶች ወደ ባሕር ይወርዳሉ፤ እግራቸውን በጨው ውሃ ታጥበው የዓመቱን ክፉ ነገር ያራግፋሉ፤ ከዚያ የሚበላ ነገር ይለቅማሉ። ሚኖሪ ናሃ ከተማ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናትና ይህን ታውቃለች። በልጅነቷ ከአክስቷ ጋር ወርዳ ካልሲዋ እስኪበሰብስ አልቅሳለች። ግን ሰንጠረዡን ስታይ ያየችው ሚያዝያን ነው እንጂ ጨረቃን አይደለም።

ከስምንት ተማሪዎች አንዷ ሆና ወደ ደሴቲቱ የመጣችው ለአንድ ነገር ነው። ፕሮፌሰር ሂራሳዋ በሚቀጥለው ዓመት ቤተ ሙከራቸው ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚቀበሉት አንድ ተማሪ ብቻ ነው። አመልካቾቹ ደግሞ ሁለት ናቸው፦ እሷና ኩዶ። ፕሮፌሰሩ ጀልባው ላይ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው እንዲህ ብለው ነበር፦

«ታሪክ አልፈልግም። ቁጥር አምጡልኝ። የተሻለ ቁጥር ያመጣ ቦታው የሱ ነው።»

ለሚኖሪ ይህ በቂ ነበር። ሌላው ሁሉ ጊዜ ማባከን ነው። ለምሳሌ ለመንደሩ ሰዎች ለሰላምታ የሚሆን አንድ ሳጥን ጣፋጭ እንድትገዛ ታዛ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ የሚያደርገው ነው። ናሃ ወደብ ላይ የጣፋጭ ቤቱ ሰልፍ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ ስታይ አንድ ደቂቃ ቆመች፣ ሰዓቷን አየች፣ ሄደች። አንድ ሳጥን ጣፋጭ ቢቀር ማን ያስተውላል?

ኩዶ ከአገሪቱ ሰሜን ጫፍ፣ በረዶ ከሚቆለልበት ከአኦሞሪ የመጣ ነው። በመጣ በሁለተኛው ቀን አፍንጫው ተላጠ። እሱ የሚቆጥረው የባሕር ኪያር የሚባለውን፣ እንደ ወፍራም ጥቁር ቋሊማ አሸዋ ላይ ተጋድሞ የሚውለውን ፍጡር ነው። ሚኖሪ የመረጠችው ግን ቀንድ አውጣ ነው፤ ቡጢ የሚያክል፣ ዛጎሉ አረንጓዴ፣ ሥጋው የሚበላ የባሕር ቀንድ አውጣ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሁለት መቶ ትይዛለህ፤ ቁጥር ትጽፍባቸዋለህ፤ ትለቃቸዋለህ። ከአራት ቀን በኋላ ያገኘኸውን ሁሉ ትሰበስባለህ። ከሰበሰብከው ውስጥ ከአሥሩ አንዱ ቁጥር ያለው ከሆነ፣ ባሕሩ ውስጥ ያለው ከሁለት መቶው አሥር እጥፍ፣ ሁለት ሺህ ገደማ ነው ማለት ነው።

በእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ቀንድ አውጣዎቹን አንድ በአንድ አጠበች፤ በራሷ ፀጉር ማድረቂያ አደረቀቻቸው፤ በነጭ የጥፍር ቀለም ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ጻፈችባቸው።

«ልትድሪያቸው ነው እንዴ?» አለ ኩዶ በሩ ላይ ቆሞ።

«ዝም ብለህ ኪያርህን ቁጠር።»

«የኔዎቹ ይመቻሉ። አይሮጡም፣ አይደበቁም፣ ሥራ አይፈልጉም። አጎቴን ያስታውሱኛል።»

የማረፊያው ባለቤት እማማ ኡቶ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ወገባቸው ጎብጧል፤ ዓይናቸው ግን መርፌ ይለቅማል። በረንዳው ላይ የተደረደረውን አይተው ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ?»

ፕሮፌሰሩ ስለ ጥናቱ ሥፍራ ለመንደርተኛው እንዳይነገር አስጠንቅቀዋል፤ ሰው ካወቀ ይነካካል ብለው። ሚኖሪም ለማስረዳት ትዕግሥት አልነበራትም።

«ሚስጥር ነው፣ እማማ።»

«አሃ! ሚስጥር!» አሉ እማማ ኡቶ፤ ፈገግ ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

አራተኛው ቀን ደረሰ። ጠዋት የመንደሩ ድምጽ ማጉያ ጮኸ። ይህ ድምጽ ማጉያ በየማለዳው ስለ ቆሻሻ መጣያ ቀን፣ ስለ ጠፋች ፍየል፣ ስለ ሐኪሙ መምጫ ሲለፈልፍ ስለሚያረፍድ፣ ሚኖሪ በመጣች በማግሥቱ ትራስ ጆሮዋ ላይ መጫን ለምዳለች። የዛሬውንም በትራስ አሳለፈችው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ባልዲ፣ መዝገብና እርሳስ ይዛ ወደ ባሕሩ ወረደች።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል።

ስልሳ ሴቶች ይሆናሉ። ሰፋፊ የሣር ባርኔጣ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ የአበባ እጅጌ፣ የላስቲክ ቦት ጫማ። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ በብረት ሜንጦ ድንጋይ ሥር ይፈለፍላል፤ አንዳንዱ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ የሩዝ ጥቅሉን ይበላል። የሚኖሪ የጥናት ቦታ፣ በገመድ የከበበችው፣ የመንደሩ ሴቶች ሁሉ ምሳ መብያ ሆኗል። ገመዱ ላይ ሰው ፎጣ አስጥቶበታል።

«መቶ አሥራ ሰባት አገኘሁ!» ብላ አንዷ ጮኸች።

«ውሸታም! መቶ አሥራ ሰባትን እኔ ነኝ ያገኘሁት!»

«ያንቺ መቶ አሥራ አንድ ነው፤ መነጽርሽን አድርጊ!»

ሚኖሪ ባልዲዎቿን ጣለች። ከሴቶቹ መሐል እማማ ኡቶ ጉልበታቸውን ይዘው ቀና አሉ።

«ሚኖሪዬ! መጣሽ! አንቺ ተንኮለኛ፣ ሚስጥር ነው አልሽኝ አይደል? ይኸው ሠላሳ አንድ ቀንድ አውጣ አግኝቻለሁ!»

«እማማ፣ ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ዕጣችሁን እየለቀምን ነዋ።»

«የምን ዕጣ?»

«አታስመስይብኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሰሞኑን ስናማችሁ ነበር። ዘንድሮ ተማሪዎቹ አንድ ሳጥን ጣፋጭ እንኳ ይዘው አልመጡም፣ ምን ዓይነት ትውልድ ነው ስንል። ዛሬ ማለዳ የዮሺ ምራት አርባ ሦስት የተጻፈበት ቀንድ አውጣ አግኝታ ለሊቀመንበራችን ለጋሽ ናካዛ ወሰደችለት። እሱም ወዲያው ገባው። ከተማ ያሉ ትልልቅ ሱቆች ለበዓል እንደሚያደርጉት፣ ቁጥር ያገኘ ሽልማት ይወስዳል። ‹ተማሪዎቹ ለሴቶች ቀን ዕጣ አዘጋጅተውልናል፤ እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ሳይናገሩ!› ብሎ በድምጽ ማጉያ አስነገረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሽ እንሰበሰባለን።»

«አንደኛ ዕጣው የሩዝ ማብሰያ ነው አሉ» አለች አጠገባቸው ያለች ወፍራም ሴት።

«ማነው ያለው?»

«ሁሉም ሰው ነው የሚለው።»

ሚኖሪ አንድ ተስፋ ቀርቷት ነበር። ሴቶቹ ሰበሰቡም እሷ ሰበሰበች ለቁጥሩ ለውጥ የለውም። እንዲያውም ስልሳ ሰው ከአንድ ሰው ይሻላል።

«ቁጥር የሌላቸውንስ የት አደረጋችኋቸው?»

«እነሱንማ ወረወርናቸው!» አሉ እማማ ኡቶ። «ዛሬ ምን ያደርጉልናል? አንስተን ገልበጥ አድርገን እናያለን፤ ቁጥር ከሌለው፣ ሂድ ወደ ቤትህ! ነገ ይበላል።»

የአራት ቀን ሥራ ውሃ በላው። ከባዱ ነገር ሥራው መጥፋቱም አይደለም፤ ስሌቱ ነው። የተያዙት ሁሉ ቁጥር ያላቸው ከሆኑ፣ ቁጥር የሌለው ቀንድ አውጣ በባሕሩ ውስጥ የለም ማለት ነው። በሳይንስ ዓይን፣ በኢናጉ ባሕር ውስጥ ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሁለት መቶ ናቸው፤ ሁሉንም ያስገባችው ሚኖሪ ናት።

ወደ ባሕሩ ዳር ስትመለስ ኩዶ የመጥለቂያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሊወርድ ሲል ሴቶቹ ሲጮሁበት ደረሰች።

«ወዴት ነው የምትወርደው፣ አንተ! ዛሬ ወንድ አይወርድም!»

«ኪያሮቼን ልቆጥር ነው!»

«ነገ ትቆጥራቸዋለህ! የትም አይሄዱብህም!»

«እውነታቸውን ነው፤ የትም አይሄዱም» አለ ኩዶ ለሚኖሪ። ፊቷን አየና ሳቁን ዋጠ። «ምን ሆንሽ?»

ነገረችው። ኩዶ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወደ አዳራሹ ሮጠች፤ ለመንደሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ናካዛ እውነቱን ነግራ ነገሩን ለማስቆም። ጋሽ ናካዛ ግን ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይጠብቋታል። ጠረጴዛ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ውድ ተማሪዎቻችን እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ናካዛ ዝቅ ብለው እጅ እየነሱ፣ «አሳፍራችሁናል። እሑድ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ይሰበሰባል፤ ዩኒቨርሲቲው በሚቀጥለው ዓመት ባሕራችን ላይ ይሥራ አይሥራ የሚወስነው ማኅበሩ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ራሴ ይቅርባቸው ልል ነበር። ባዶ እጃቸውን የመጡ ልጆች ምን ይሠራሉ ብዬ። ለካ ተሳስቻለሁ።»

«ጋሽ ናካዛ፣ እኔ ልነግርዎት የፈለግኩት...»

«ሽልማቶቹ የት ናቸው?»

ከኋላቸው ስልሳ ሴቶች ባልዲያቸውን ይዘው ገቡ። የባሕር ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሚኖሪ ሴቶቹን አየች፤ ወረቀቱን አየች።

«እያመጣናቸው ነው» አለች።

ከኩዶ ጋር ወደ ማረፊያው እየሮጡ ተመለሱ። የስምንቱንም ተማሪዎች ሻንጣ ገለበጡ። ሃያ ሦስት ጥቅል ፈጣን ኑድል፤ አሥራ አንድ የፀሐይ ቅባት፣ ግማሾቹ የተጀመሩ፤ ኩዶ ከአገሩ ያመጣው የፖም ከረሜላ፤ አራት አዳዲስ ፎጣ፤ ሁለት የግንባር ባትሪ፤ የሚኖሪ ፀጉር ማድረቂያ፤ ያልተከፈተ የእርሳስ ፓኮ። አንድ ላይ ሲከመር የሚያሳፍር ነበር።

«አንደኛ ዕጣ የሚሆን የለም» አለች ሚኖሪ። ዞር ብላ የፕሮፌሰሩን ክፍል በር አየች። ሚስማር ላይ አዲሱ የመጥለቂያ መነጽራቸው ተንጠልጥሏል፤ ከነሣጥኑ፣ ከነመለያው።

«አታደርጊውም» አለ ኩዶ።

«አንድ ትልቅ ነገር ያስፈልጋል።»

«ይገድሉናል።»

«እኔ ከሞትኩ ሁለት ሰዓት ሆኖኛል። አንሣው።»

ዕጣ አወጣጡ ያለ ሥርዓት አልሆነም፤ ሚኖሪ ሥርዓት ታውቃለች። ሴቶቹን በሰልፍ አቆመች፤ እያንዳንዷ ቀንድ አውጣዋን እያስቆጠረች አለፈች፤ ቁጥሩን በመዝገብ ጻፈች። ልማድ ነው፤ እጇ ሌላ ነገር አያውቅም። ከሁለት መቶው መቶ ሰማንያ ስምንት ተገኘ። አሥራ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ፀጉር ማድረቂያዋን ያገኘችው ወፍራሟ ሴት ናት፤ «የሩዝ ማብሰያ አይደለም» አለች እያገላበጠች፣ «ግን ያሞቃል።» መነጽሩ ለሠላሳ አንድ ቀንድ አውጣ ባለቤት ለእማማ ኡቶ ደረሰ። ወዲያው ግንባራቸው ላይ አደረጉት፤ ተጨበጨበ።

ፕሮፌሰር ሂራሳዋ የመጡት ያኔ ነው። እንደ ወትሯቸው ስልክ ሲያወሩ ቆይተው ነው። የተሰለፉትን ሴቶች አዩ፣ ባልዲዎቹን አዩ፣ መዝገቡን ከሚኖሪ እጅ ወሰዱ።

«መቶ ሰማንያ ስምንት?» አሉ። «ከሁለት መቶ? ዘጠና አራት በመቶ! አሳቶ፣ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ቁጥር አይቼ አላውቅም! መንደርተኛውንም አሳትፈሻል!»

«ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር አለ...»

«ቁጥር የሌላቸው ስንት ተያዙ?»

«አልተያዙም።»

ፕሮፌሰሩ መዝገቡን እንደገና አዩ። ከንፈራቸው ያሰላል። ከዚያ ፊታቸው በራ፤ እንደ ሐዘን ያለ ደስታ ነበር።

«እንግዲያው በጠቅላላው የቀረው ሁለት መቶ ገደማ ነው። ሊጠፋ ነው! አይገባሽም? አሁኑኑ ለአስተዳደሩ ቢሮ እደውላለሁ። ይህ ባሕር ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም እጁን አይሰድበትም። ሪፖርቱ ላይ ስምሽ ከስሜ ቀጥሎ ይገባል። ቦታው ያንቺ ነው፣ አሳቶ።»

ይኸው። የፈለገችው ነገር፣ በጠየቀችው ቃል፣ ሳትለምን። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ፕሮፌሰሩ ስልካቸውን እያወጡ ነው። ኩዶ አጠገቧ ቆሟል፤ እሷ ከተናገረች ቦታው የሱ ነው፤ ስለዚህ ጣሪያውን ያይ ጀመር፤ ጣሪያው ላይ ምንም አልነበረም።

ለሴቶቹ አዝና አይደለም። ስልሳዎቹ ሴቶች የአራት ቀን ሥራዋን በሁለት ሰዓት ድምጥማጡን አጥፍተውታል፤ ባሕሩ ቢዘጋባቸው ዛሬ ማታ እንቅልፍ አይነሣትም። ያልቻለችው ሌላ ነገር ነው። ያ ቁጥር ቂል ነው፤ ቂል ቁጥር ደግሞ ስሟን ይዞ ሊሄድ ነው።

«ቁጥሩ ውሸት ነው» አለች።

«ምን?»

«ሴቶቹ ቁጥር የሌላቸውን ሁሉ ወርውረዋቸዋል። ዕጣ መስሏቸው ቁጥር ያለውን ብቻ ነው የለቀሙት። ባሕሩ ውስጥ ሁለት መቶ የሆነው እኔ ሁለት መቶ ላይ ስለጻፍኩ ነው። ሦስት መቶ ላይ ብጽፍ ሦስት መቶ ይሆን ነበር።»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። ወደ እሷ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ «ማን ያውቃል?» አሉ።

«አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ።»

«ሁለት መቶ ነው ያሉት?» አሉ እማማ ኡቶ ከሰልፉ ወጥተው። «ሁለት መቶ! እኔ ብቻዬን ከምሳ በፊት ከዚያ በላይ ወርውሬያለሁ! ወገቤን ይጠይቁት!»

«እኔም ወርውሬያለሁ!» አለች ወፍራሟ። «አንዱ የአማቴን እግር መታት!»

ፕሮፌሰሩ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ዓይናቸው እማማ ኡቶ ግንባር ላይ አረፈ።

«ይሄ መነጽር...»

«አንደኛ ዕጣ!» አሉ እማማ ኡቶ። «እግዜር ይስጥልን፣ ፕሮፌሰር!»

ፕሮፌሰር ሂራሳዋ የተማሩ ሰው ናቸው፤ በስልሳ ሴቶች ፊት ምን ማድረግ እንደማይቻል ያውቃሉ። ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። ቀና ሲሉ ግን ጆሯቸው ቀልቷል።

«ቦታው የኩዶ ነው» አሉ ለሚኖሪ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ቢያንስ የሱ እንስሳት ዕጣ አልወጣባቸውም።»

ኩዶ ጣሪያውን ማየት አቆመ።

ጋሽ ናካዛ ከሰሙት ውስጥ የገባቸው ግማሹ ብቻ ነው፤ ያ ግማሽ ግን አስደስቷቸዋል። ልጅቷ በአለቃዋ ፊት ለመንደሩ ሴቶች ጥብቅና ቆማለች። ቃሏን ሳታጓድል ሽልማት አምጥታለች። ድምጽ ማጉያውን አነሡ፤ አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ባያስፈልግም ወደዱት።

«ማኅበሩን ወክዬ እናገራለሁ። እሑድ የሚባለውን ዛሬ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ዩኒቨርሲቲው ይምጣ፤ ባሕሩ ክፍት ነው። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን። በዚሁ ቀን፣ ይቺው ልጅ ትምጣ፤ ዕጣውን ታውጣ።»

ጭብጨባው ባልዲዎቹን አንቀጠቀጠ።

«በታላቅ ደስታ!» አሉ ፕሮፌሰሩ። «እንደ ዕድል ሆኖ ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው ኩዶ ነው። እሱም...»

«ኩዶ ወንድ አይደለም እንዴ?» አሉ ጋሽ ናካዛ።

ሁሉም ኩዶን አየው። ኩዶ የተላጠ አፍንጫውን ዳሰሰ።

«ነኝ» አለ።

«ወንድ በዚህ ቀን አይወርድም።»

ፕሮፌሰር ሂራሳዋ በዚህ ደሴት ላይ ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ ዘጠነኛውም በሚቀጥለው ዓመት በባሕሩ ትልቅ ሽሽት ቀን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያ ቀን ደግሞ፣ ሚኖሪ ራሷ እንዳስረዳቻቸው፣ ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው ነው። ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው ደፉት። ወደ ሚኖሪ ዞሩ።

«አሳቶ፣ ስለ ቦታው... ትንሽ ቸኩያለሁ።»

«በየትኛው ቁጥሬ ነው የምገባው?» አለች ሚኖሪ።

«በቁጥር አይደለም።»

«በምን ታዲያ?»

ፕሮፌሰሩ ዙሪያቸውን አዩ፤ ኑድሉን፣ ቅባቱን፣ የእማማ ኡቶን ግንባር።

«በሽልማቱ» አሉ።

ሚኖሪ ለአንድ አፍታ እምቢ ለማለት አስባ ነበር። አራት ዓመት የተማረችው፣ የውሃ ጨው የለካችው፣ ሌሊት ስታቲስቲክስ ያነበበችው የመንደር ዕጣ ለማውጣት አይደለም። እምቢ ብትል ግን ቦታው ኪያር ለቆጠረ ሰው ይሄዳል፤ እሱም ኪያሮቹን ዛሬ አልቆጠራቸውም።

«እሺ» አለች። መዝገቡን ከፕሮፌሰሩ እጅ ወሰደች፤ ባዶ ገጽ ገለጠች፤ ቦታው የሷ መሆኑን በሁለት መስመር ጽፋ እርሳሱን ዘረጋችላቸው። «ይፈርሙልኝ። አሁን።»

ፈረሙ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ኩዶ፣ ከልቡ ይሁን አይሁን አይታወቅም።

«ዞር በል፣ ሰልፉን ዘግተኸዋል» አለችው፤ ገና ሽልማታቸውን ያልወሰዱ አራት ሴቶች ነበሩ።